የሸዋ ሮቢቷ ፓፓያ ምን በደለች?

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ከሸዋ ሮቢት ደውላ «ልውጥ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መደቧ የደሴ መንገድ ዳር ነው፤ ፓፓያ፣ ማንጎና ሎሚ ትሸጣለች። ከመኪና የወረዱ ሁለት መንገደኞች ፓፓያውን ሲያገላብጡ ቆይተው አንደኛው «ልውጥ ነው፣ ተወው» አለና ጓደኛውን እየጎተተ ሄደ። እሷ ደግሞ የቆየ ነው ያሉ መስሏት «ዛሬ ጠዋት ነው የተቀጠፈው፣ ማን ለወጠው?» እያለች ከኋላቸው ጮኻለች።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወር አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ወደ ወሎ ሲጓዙ ሸዋ ሮቢት ላይ የገዙት ፓፓያ ሲሰነጠቅ ዘር አልባ ሆኖ ስላገኙት መደንገጣቸውን ይነግሩናል። ከዚያች ፓፓያ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ገበያችን በልውጥ፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰውን ባሕርይ የሚወስነው ዘረመሉ በላቦራቶሪ በተለወጠ ፍራፍሬ ተጥለቅልቋል፤ የበላው ሰው ዘረመሉ ይለወጣል፣ ካንሰርም ይይዘዋል፤ ዘሩ ስለማይበቅል ገበሬው የባዕድ ኩባንያ ጭሰኛ ይሆናል፤ ቴክኖሎጂው ለድሃ ገበሬ ያስገኘው አንድም ጥቅም የለም፤ የአባቶቻችን ፍራፍሬ ግን ንጹሕ ስለሆነ በሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። ማሳረጊያቸው በሸዋ ሮቢት የሚያልፍ ሁሉ ፓፓያ እንዳይገዛ የሚል ምክር ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ያደግኩት ግን እዚያው ቆላ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ መስኖ በሚጠጣ የአባቴ የፓፓያ ማሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ምላሽ ግማሹን እንደ መምህር፣ ግማሹን እንደ ተከሳሽ ቤተሰብ ነው የምጽፈው። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ፤ ቦታው ሲደርስ እመሰክርላቸዋለሁ። ከአዋጆቹ ቁጥር በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው።

ከፓፓያዋ እንጀምር። «ዘር የሌለው ፓፓያ በተፈጥሮ የለም» ብለዋል። አለ። ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ዛፍ ያለው ተክል ነው። አባቴ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ዘር ይተክላል። አምስት ስድስት ወር ቆይቶ ሲያብብ፣ አበባው በረጅም ጭራ ላይ ተንዠርግጎ የሚወርደው ወንዴ፣ ግንዱን ተጠግቶ ነጠላ ነጠላ ሆኖ የሚቀመጠው ሴቴ ነው። ያኔ ወንዴዎቹን ይቆርጥና ለአሥር ለአሥራ አምስት ሴቴ አንድ ወንዴ ብቻ ያስቀራል። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ አባቴ ታሞ ይህን ሥራ አጎቴ ተረከበው። አጎቴ ቆጣቢ ሰው ነው። «ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ለምን ውሃ ይጠጣል?» ብሎ አንድም ወንዴ ሳያስቀር ጨፈጨፋቸው። በዚያ ወቅት አበባው አብዛኛው ረገፈ። ጥቂቱ እንደ ምንም ትንንሽ ፍሬ ያዘ፤ ስንሰነጥቀው ውስጡ ባዶ ነበር፤ አንዲት ጥቁር ዘር አልነበረችበትም። አባቴ ከአልጋው ሲነሳ ከአጎቴ ጋር የተነጋገሩትን እዚህ አልጽፈውም። ጸሐፊው የገዙት ፓፓያ ወንዴ ካጠረበት ማሳ የመጣ ለመሆኑ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ነገሩ የአበባ ዱቄት እጥረት እንጂ የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም።

በዚያው ጉዟቸው ደብረ ብርሃን ላይ ቁመቱ ከሰው የማይበልጥ የፖም ዛፍ ፍሬ አንዠርግጎ አይተው «ይህም ያው ነው» ብለዋል። እሱም ያው አይደለም። ከተማችን ውስጥ ከየአጥሩ ጀርባ የሚታየው አጭር ፖም፣ የአንዱ ዝርያ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ዝርያ ሥር ላይ የተገጠመ ነው፤ ዛፉን አጭር የሚያደርገው ሥሩ ነው። በሀገራችን ከተለመዱት አንዱ «አና» የሚባለው ዝርያ፣ ብዙ ብርድ ሳይፈልግ የሚያፈራ፣ እስራኤል ውስጥ በተራ ማዳቀል የተገኘ ነው። ከውጭ የሚገባ ፖም ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አይታችሁ በ8 የሚጀምር ቁጥር ካለው ሽሹ የሚለው ምክራቸውም ባዶ ነው። 8 ቁጥር ለልውጥ ፍራፍሬ ተመድቦ እንደነበር እውነት ነው፤ ግን መለጠፉ ግዴታ ስላልነበረ ገበያ ላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። በ8 የሚጀምር ፖም ፈልገው ያላገኙ ሰው ነጻ ወጣሁ ካሉ ደግሞ ያው ስህተት ተገልብጦ መጣ ማለት ነው።

እውነቱ የዓለም የልውጥ ፍራፍሬ ዝርዝር በጣም አጭር መሆኑ ነው። ሃዋይና ቻይና ውስጥ ፓፓያ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሲቆረጥ የማይጠቁር ፖም፣ ኮስታ ሪካ የሚበቅል ውስጡ ሮዝ የሆነ አናናስ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ዘሩ ለጓሮ አትክልተኞች የሚሸጥ ሐምራዊ ቲማቲም አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ደበርጃን አለ፤ በሥነ ዕፅ ሚዛን ደበርጃንም ፍሬ ነው። አውስትራሊያ በ2024 አንድ ሙዝ ፈቅዳለች። ሌላም ጥቂት ይኖራል፤ ሸዋ ሮቢት ግን የለም። እኛ ዘንድ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 ያለ ፈቃድ ልውጠ ሕያው (ዘረመሉ የተለወጠ ማንኛውም ሕያው ነገር) ማስገባትም ሆነ መዝራት ይከለክላሉ። በዚህ ሕግ ለእርሻ የተፈቀደው የመጀመሪያው ሰብል በ2018 የተፈቀደው ጥጥ ነው። ፍራፍሬ አልተፈቀደም።

ወደ ጤናው እንሂድ። «ልውጥ ፍሬ የበላ ዘረመሉ ይለወጣል» የሚለውን ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል። ዘረመል የሌለበት ነገር እንብላ ካልን ከጨውና ከውሃ ብዙ ርቀን አንሄድም። ሽሮ በበላን ቁጥር የሽንብራን ዘረመል እየበላን ነው። የምንጃር ሰው ስንት ዘመን ሽንብራ በልቶ እስካሁን አላጎነቆለም።

ካንሰሩን በተመለከተ ጸሐፊው «በአይጦች ላይ ተረጋግጧል» ብለው ያልፋሉ። የሚያወሩት በ2012 ፈረንሳዊው ጊል ኤሪክ ሴራሊኒና ባልደረቦቹ ስላወጡት ጥናት መሆኑ ከአገላለጻቸው ያስታውቃል፤ ዕጢ ያበጠባቸው አይጦች ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረው ያኔ ነው። አይጦቹ የበሉት በቆሎ ነው፣ ፍራፍሬ አይደለም። በየቡድኑ የነበሩት አሥር አሥር ብቻ ናቸው፤ ዝርያቸውም ምንም ይብሉ ምን ሲያረጁ ዕጢ የሚያበዛ ነው። ያወጣው መጽሔት በ2013 ጥናቱን ሰርዞታል፤ በ2014 ሌላ መጽሔት መልሶ አትሞታል፤ የአይጦቹ ቁጥር ግን አልጨመረም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ከ900 በላይ ጽሑፎች መርምረው በ2016 ባወጡት ዘገባ፣ ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ምግቦች ከሌላው የባሰ ለጤና ጠንቅ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ ለእርሳቸው ወገን የሚያደላ ማስረጃ እኔ ልስጣቸው። በ1990ዎቹ አንድ የዘር ኩባንያ የአኩሪ አተርን ፕሮቲን ለማሻሻል ከብራዚል ለውዝ ዘረመል ወስዶ አስገባበት። በ1996 የታተመው ምርመራ ለብራዚል ለውዝ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ደም በአኩሪ አተሩም ላይ እንደሚነሳ አሳየ። ዘሩ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። እንግዲህ አደጋው ምናባዊ ነው ማለት አይቻልም። የተያዘውም ስለተመረመረ ነው፤ እያንዳንዱ ልውጥ በየራሱ ይመርመር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። «ሁሉም መርዝ ነው» የሚል ሰውና «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ሰው ከላቦራቶሪው በር ላይ ሳይገቡ የተመለሱ ጎረቤታሞች ናቸው።

«ለድሃ ገበሬ ያስገኘው አንድም ጥቅም የለም» ወደሚለው ስመጣ ትንሽ መቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ የፓፓያ ታሪክ ነው።

ሃዋይ ውስጥ ፓፓያ በአብዛኛው የትንንሽ አርሶ አደሮች ሥራ ነው። በ1940ዎቹ ኦአሁ በተባለው ደሴት ላይ አንድ ቫይረስ ታየ፤ ፍሬው ላይ የቀለበት ቅርጽ ስለሚያወጣ የቀለበት ነጠብጣብ ይሉታል። ቅጠሉን ያጨማድዳል፣ ዛፉን ያቀጭጫል፤ የሚያሰራጩት ክሽክሽ የምንላቸው ትንንሽ ነፍሳት ናቸው፤ መድኃኒት ቢረጭም ነፍሳቱ ሳይሞቱ በፊት ቫይረሱን አስተላልፈው ይጨርሳሉ። ገበሬዎቹ ፑና ወደሚባል ከበሽታው የጸዳ አካባቢ ሸሹ። የሃዋይ ፓፓያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፑና ውስጥ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ በ1992፣ ቫይረሱ እዚያም ደረሰ። በስድስት ዓመት ውስጥ የፑና ምርት ወደ ግማሽ ወረደ። ገበሬዎች የገዛ ዛፋቸውን በመጋዝ ሲጥሉ ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዴኒስ ጎንሳልቬስ የሃዋይ ልጅ ነው፤ ያደገው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ፑና ከመያዙ ከዓመታት በፊት ከባልደረቦቹ ጋር ሥራውን ጀምሮ ነበር። ከቫይረሱ ሽፋን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ወስደው በፓፓያው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ሲገባ ዛፉ የቫይረሱን መልእክት ለይቶ ይቆራርጠዋል። በግንቦት 1998 «ሬይንቦ» የተባለው ዘር ለገበሬዎች በነጻ ታደለ፤ የባለቤትነት መብት የነበራቸው ኩባንያዎች ፈቃድ እንዲሰጡ አስቀድሞ ድርድር ተደርጎ ነበር። የሃዋይ ፓፓያ የዳነው በዚህ ነው። የቫይረስ ፕሮቲን እንዴት ይበላል የሚል ካለ፣ ከዚያ በፊት ሕዝቡ የሚበላው በቫይረሱ የተጠቃውን ፓፓያ ነበር፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ ይኸው ፕሮቲን እጅግ ይበልጣል።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ተቆርጦ መነገር የለበትም፤ የቴክኖሎጂው አድናቂዎች የሚያቆሙት እዚህ ነው። ጃፓን ዋና ገዢ ነበረች፤ ልውጡን ፓፓያ የተቀበለችው በ2011 ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ወደ ጃፓን የሚልክ ገበሬ ያልተለወጠውን ለብቻው ማብቀል፣ ለብቻው መልቀምና ማስመርመር ነበረበት። ልውጥ ያልዘራ ጎረቤት ማሳ ላይ የአበባ ዱቄቱ በነፋስና በነፍሳት ሲደርስ፣ የፍሬው ሥጋ እንደ እናቱ ሆኖ ሲቀር ዘሩ ግን ልውጥ ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ዘር የሚዘራ ሰው ሳያውቅ ልውጥ ዘራ ማለት ነው። ሌላም አለ። የሬይንቦ መከላከያ የሚሠራው በሃዋይ ቫይረስ ላይ ነው፤ ከሌላ አገር በመጣ የዚያው ቫይረስ ዓይነት ሲጠቃ ታይቷል። ስለዚህ ነገ አንድ ነጋዴ የሃዋይን ዘር ሻንጣ ውስጥ ይዞ ቢመጣ፣ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ለእኛ ላይሠራልን ይችላል።

ስለ ድሃ ገበሬ ከተነሳ አይቀር የሙዙንም ላንሳ፤ ነገሩ ከኛው አገር ይጀምራልና። እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ በሳይንስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1968 ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ያው ባክቴሪያ በ2001 ኡጋንዳ ደርሶ የሙዝ ማሳውን አጠወለገው። ተመራማሪዎች ከጣፋጭ ቃሪያ በተወሰደ ዘረመል የሚቋቋም ሙዝ ሠርተው ማሳ ላይ ሞክረዋል። ሙዙ ግን ገበሬው ጋ አልደረሰም፤ የኡጋንዳ ፓርላማ በ2017 ያጸደቀውን የልውጥ ሰብል ሕግ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ አልፈርምም ብለው መለሱት። የተሠራ ነገር መኖሩና መድረሱ ለየቅል ናቸው፤ ጸሐፊው «አልደረሰም» ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር።

አሁን ልክ ወደሆኑበት ነጥብ። ግማሹን ማለቴ ነው። «ዘሩ አይበቅልም» ይላሉ። የማይበቅል ዘር የሚያወጣ ዘዴ በመጋቢት 1998 የባለቤትነት መብት ተሰጥቶት ነበር፤ ሞንሳንቶ በ1999 ለገበያ አላውለውም አለ፣ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮችም በ2000 እንዲታገድ ወሰኑ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ዘር የተሸጠለት ገበሬ የለም። የሬይንቦ ዘር ይበቅላል፤ ዲቃላ ስለሆነ ከሚበቅለው አራተኛ እጅ ያህሉ መከላከያው አይኖረውም እንጂ።

ጭሰኝነቱ ግን እውነት ነው። ሰንሰለቱ ያለው ዘረመሉ ውስጥ ሳይሆን ውሉ ውስጥ ነው። ሮዝ የሆነውን አናናስ ተመልከቱ። አናናስ የሚራባው አናቱ ላይ ባለው ዘውድ ነው፤ ቆርጦ አፈር ውስጥ መትከል ነው። ኩባንያው ሮዙን አናናስ ገበያ የሚያወጣው ዘውዱን ቆርጦ አስቀርቶ ነው። የማይጠቁረውን ፖም ችግኝም ማንም ገበሬ ከገበያ ገዝቶ አይተክልም፤ በኩባንያው ፈቃድ ነው። ደግሞስ ምን ችግር ይፈታል? ፖም ቆርጦ ሳህን ላይ አስቀምጦ እስኪጠቁር የሚጠብቅ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ አላየሁም፤ እኛ በጋቢያችን ጠርገን በቁሙ ነው የምንገምጠው። ለእኛ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፓፓያውን ያዳነው ዘዴና ፖሙን ያስዋበው ዘዴ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለቤቱና ምክንያቱ ግን አይገናኙም። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ኬሻ አስረው ወረወሯቸው።

ጸሐፊው የዕፅዋት ሳይንቲስቱን የዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን ስም መጥራታቸውም እዚህ ጋ ይነሳል። ዶክተሩ ይህን ቴክኖሎጂ በጥርጣሬ ያዩ እንደነበር አይካድም። ዕድሜያቸውን የሰጡት ግን ለክርክር እንጂ ለድንጋጤ አልነበረም። የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተዋል፤ በጥር 2000 የጸደቀው የካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ማለትም ስለ ልውጥ ሕያዋን የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አንድ አገር ልውጥ ዘር ከመግባቱ በፊት እንዲነገረው፣ መርምሮም እንቢ እንዲል መብት ሰጥቶታል። ማኅበረሰብ በዕፅዋቱና በዕውቀቱ ላይ ያለውን መብት የሚደነግገው አዋጅ 482/1998 በዚያው መንፈስ የተቃኘ ነው። ሰውየው ያስቀሩልን ቁልፍ ያለው በር ነው። ጸሐፊው በሩን በግንብ ይድፈኑት እያሉ ነው።

«መርዝ» የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። መርዝ ማየት ለሚፈልግ የእህቴን ባል የቲማቲም ማሳ ላሳየው። ጠዋት መርጫውን በጀርባው ይሸከማል፤ አፉን በነጠላ ጨርቅ ያስራል፣ ሲሞቀው ይፈታዋል። ልኩን የሚለካው በጠርሙሱ ክዳን ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ተባዩ እንቢ ሲለው ሁለቱን ሦስቱን ይደባልቃል፣ በዱላ ያማስላል። ሲጨርስ መርጫውን ቦዩ ውስጥ ያለቀልቀዋል። ከቦዩ በታች ልጆች ይታጠባሉ። ማታ እጁን እያከከ ነው የሚተኛው። ባንግላዴሽ ውስጥ በ2014 ለሃያ ገበሬዎች መታደል የጀመረው ደበርጃን፣ ፍሬውን የሚበሳውን ትል በራሱ ስለሚገድል ለዚያ ትል የሚረጨው መድኃኒት በግልጽ ቀንሷል፤ ዘሩም የመንግሥት ምርምር ተቋም ስለሆነ ገበሬው ከማሳው መልሶ መዝራት ይችላል። ጭማቂ መጣጮቹ ነፍሳት ግን ስለማይሞቱ መርጫው ጨርሶ አልተሰቀለም። ትሉም አንድ ቀን ሊለምደው ይችላል፤ ሕንድ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የተለወጠውን ጥጥ ትሉ ለምዶታል። እንግዲህ ፈውስ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። አማቼ ግን ከሳምንት ሁለት ቀን መርጫ ቢያስቀምጥ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአባቶቻችን ንጹሕ ፍራፍሬ የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ፓፓያ ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ማንጎ ከሕንድ በኩል፣ ፖም ከመካከለኛው እስያ የመጡ ናቸው። የኛ የሚባሉት ሾላ፣ አጋም፣ ኮሽምና እንኮይ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ጸሐፊው አንድ ጊዜ እንኳን አላነሷቸውም።

ያልጠየቁት ጥያቄ ይበልጥ አሳዝኖኛል። ነገ አንድ ልውጥ ፍሬ ይፈቀድ ቢባል ዘሩ የማን ይሆናል? ከአባቴ ማሳ ቀጥሎ ያለው ጎረቤት ቢዘራውና አባቴ ባይፈልግ፣ የአበባ ዱቄቱን ማን ያቆመዋል? መደብ ላይ ሲቀርብ በምን ምልክት ይለያል? ገዢው ያልተለወጠውን ብቻ እፈልጋለሁ ካለ የምርመራውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? በእነዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ እኔም ለተማሪዎቼ አንብቤላቸው ነበር። እርሳቸው ግን የሌለ ልውጥ ፍለጋ የእህቴን መደብ አስቀዘቀዙ።

ጸሐፊው ሆይ፣ አሁንም ቢሆን መንገዱ በዚያ ስለሆነ ወደ ወሎ ሲወጡ ጎራ ይበሉ። እህቴ ከምትሸጣቸው ውስጥ ዘሩ የሞላውን መርጣ ትሰነጥቅልዎታለች። ለዘር የለየችው ደግሞ ልፋጩ ታጥቦ፣ አመድ ተለውሶ፣ ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ እየደረቀ ነው፤ አንድ እፍኝ በነጻ ትሰጥዎታለች። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ይትከሉ። ሲያብብ ወንዴውን ሁሉ እንዳይጨርሱት ብቻ።